አፈር የተሸከመው እንግዳ

ሰው በየገበያውና በየሠርጉ እንደ ዋዛ የሚያመላልሰው ብሂል ሁሉ፣ አንድ ቀን፣ በአንድ ሰው አንደበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነግሯል። በዚያች ቅጽበት ምሳሌ አልነበረም፤ አንድ ሰው ለሌላው ያለው ነገር ብቻ ነበር። ኋላ ሰሚው ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለአማቹ ሲያቀብለው የተናጋሪው ስም ይወድቅና ቃሉ ብቻውን ይቀራል። ዛሬ ሰዎች ያልቀመሱትን ምግብ አልፈልግም ለማለት እንኳ እየሣቁ የሚጠቅሱት አንድ ብሂል አለ። በእንዝርት አምባ ግን ሲጠቀስ የሚሥቅ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገደሉ ግርጌ ዞር ይላሉ። ለምን እንደሚዞሩ ለመረዳት የመንደሪቱን መልክና ያለፈችበትን ዘመን ማወቅ ያስፈልጋል።

እንዝርት አምባ ከደጋው አፋፍ በታች፣ ከቆላው ሸለቆ በላይ፣ በሁለት ገደል መካከል በተንጠለጠለ ጠባብ እርከን ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። በስተጀርባዋ ጥቁር የገደል ግንብ ቆሟል። ስሟን ያገኘችው በግንቡ አናት ላይ ብቻውን ከቀረው፣ መሐሉ ወፍሮ ጫፉ ከቀጠነው የድንጋይ ዐምድ ነው። ክረምት ሲገባ ከዐምዱ ሥር ፏፏቴ ይወርዳል፤ በበጋ ውሃው ደርቆ መንገዱ ብቻ በዓለቱ ላይ ነጥቶ ይታያል። በስተፊቷ መሬቱ ሳይታሰብ ያበቃና ወንዙ የሚሰማ እንጂ የማይታይበት ጥልቅ ሸለቆ ይጀምራል። በላይኛው ጠርዝ ገብስ፣ በታችኛው ጤፍና ሽምብራ ይበቅላል። ፀሐይ ዘግይታ ትደርስባታለች፣ ፈጥናም ትለያታለች። መንገደኛ ቆም ብሎ የሚያይላት ነገር የላትም። ተወልደው ላደጉባት ግን ስም የሌለው ድንጋይ አልነበራትም።

አልነበራትም ማለት ግድ ነው፤ ክፉ ዘመን መጥቶባታልና። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ። በሬ ሲታጣ ማሳው ጦም አደረ፤ ማሳው ጦም ሲያድር ሰዉም ተከተለው። መንደሪቱን ካቀናው ከአባ ወልደ ሐና ዘር የሞተው ሞተ፤ የተረፈውም ልጁን በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ቆላ ወረደ። ዝናብ በተመለሰ ጊዜ ወደ አምባው የተመለሱት ጥቂት መበለቶችና ከሌላ አገር በጋብቻና በጥገኝነት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ጎጆው እንደገና ቆመ፣ እርሻውም ታረሰ። የድንጋዮቹ ስም ግን ከሞቱት ጋር እንደተቀበረ ቀረ።

ከስሞቹ ጋር የወሰኑም እውቀት ተቀበረ። በእንዝርት አምባና በጎረቤቷ በቆቅ ሜዳ መካከል፣ በገደሉ ግርጌ፣ ምንጭ ያለው ሰፊ ጠፍ መሬት ነበር። ሁለቱም መንደሮች የኔ ነው ይላሉ። ወሰኑ ከፏፏቴው ሥር እንደሚነሣ፣ የገደሉን ግርጌ ይዞ ወደ ምሥራቅ እንደሚሄድ፣ ከአንድ ድንጋይ ሲደርስም ታጥፎ ወደ ሸለቆው እንደሚወርድ ሁሉም ከአባቱ ሰምቷል። ከመታጠፊያው ወዲህ ያለው የእንዝርት አምባ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የቆቅ ሜዳ ነው። ድንጋዩ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ግን በሕይወት አልተገኘም። በየዓመቱ በእርሻ ወራት ዱላ ይነሣል፤ አንድ ዓመትም ሰው ተፈንክቶ በቃሬዛ ተወሰደ።

ለእንዲህ ያለው ጠብ አገሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ወሰን የሚመራ ሰው ከአቅኚው አባት ዘር መወለድ አለበት። ከመቃብር ሥፍራ ሣሩ ያልተነቀለለት ጓል ተቆርጦ በራሱ ላይ ይጫናል። አፈሩን እንደተሸከመ ባዶ እግሩን ይሄዳል፤ እስኪያወርደው ድረስ ማንም አያናግረውም፣ እሱም አይናገርም፣ አይቀመጥም፣ ወደኋላም አይመለስም። የሄደበት መንገድ ወሰን ይሆናል። አንድ ጊዜ በአፈር የተመራ ወሰን ዳግመኛ አይመራም፤ ሙታን በሰውየው ራስ ላይ ሆነው አይተውታል ይባላልና።

እንግዲህ ሁለቱ መንደሮች ከአባ ወልደ ሐና ዘር የቀረ ሰው ሲያፈላልጉ፣ ከቆላ የመጣ የጨው ነጋዴ «የእናንተን አገር ድንጋይ ሁሉ እንደ ዳዊት የሚደግም አንድ ጥጥ ገበሬ አለ» ብሎ ነገራቸው።

ያ ሰው ዘርጋው ይባላል። ከአባ ወልደ ሐና ዘር የሆነችው እናቱ ይታይሽ ከእንዝርት አምባ በአባቷ ጫንቃ የወጣችው የወተት ጥርሷ ሳይረግፍ ነበር። በቆላ አደገች፣ ተዳረች፣ እሱን ወለደች፤ አንድም ቀን ግን ቆለኛ አልሆነችም። ጥጥ ስትፈለቅቅ፣ ስትባዝት፣ ስትፈትል አፏ አገሯን ይዞራል። «ከፏፏቴው ወዲህ ሰባራ ዋሻ አለ፤ ከዋሻው በታች ታላቁ ሜዳ አለ፤ ሮጠህ አትጨርሰውም። ከቤታችን ጓሮ ደግሞ ዝሆን ዓለት አለ። አባቴ በሁለት እጁ ካላነሣኝ አልወጣውም ነበር። ከላዩ የዝናብ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ አለ፤ እግሬን እታጠብበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው አገር ነው።» ልጇ ዘርጋው ሌላ ተረት ሳይሰማ አደገ። በቆላው ወበቅ መካከል ሆኖ አይቶት በማያውቀው ጉም ይበርደዋል፤ ጠጥቶት የማያውቀው ምንጭ ይጠማዋል። እናቱ ፊቷን ወደ ተራሮቹ አዙራ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ናፍቆቱ እንደ ርስት ለብቻው የተላለፈለት መሰለው።

መልእክተኞቹ መጥተው ወሮታው ምን እንዲሆን እንደሚፈልግ ሲጠይቁት አላመነታም።

«ወሰኑን እመራለሁ። የአያቴን ጓሮ ስጡኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

«ይሄማ ከመሬታችን ውስጥ እስከሆነ ድረስ ያንተው ነው» አሉት።

የጥጥ ማሳውን ለእኅቱ ባል ሰጠው። የእኅቱ ባል ፈገግ ብሎ፣ «አንተ ሰው፣ ማሳህን እኔ እያረስኩ ላቆይልህ። ደጋው ካልተስማማህ ትመለሳለህ» ቢለው፣ «ተመልሼ የምመጣበት በር እንዲኖር አልፈልግም። ማሳው ያንተ ነው» ብሎት ወጣ።

ወደ እንዝርት አምባ በገባ ዕለት መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው። ዘርጋው ገና ከአቀበቱ ጫፍ ሲደርስ እጁን እየዘረጋ ይቆጥር ጀመር፤ «ያ ሰባራ ዋሻ ነው። ያ ደግሞ የንብ ገደል። ከዚያ ሥር የመነኩሴው መቀመጫ መኖር አለበት።» አንድ ጎረምሳ ሮጦ ሄዶ ቅጠሉን ገለጥ ቢያደርገው በእርግጥም እንደ በርጩማ የተጠረበ ድንጋይ አገኘ። እልልታ ሆነ። በመንደሩ ከሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው፣ ከክፉው ዘመን በኋላ በጋብቻ የመጣችው እማማ ደብሪቱ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

«ታላቁ ሜዳስ? እሱ የት ደረሰ?» አለ ዘርጋው ዐይኑን እያማተረ።

«ምን ይላል ይሄ! ቆመህበት እኮ ነው!» አለው ጭቃ ሹሙ ቸርነት። ሰዉ ሣቀ።

ዘርጋው ዝቅ ብሎ አየ። የቆመበት ከአንድ ሠርግ ዳስ የማይሰፋ ደልዳላ ሥፍራ ነበር። ለአፍታ ግራ ተጋባ፤ ወዲያው ግን «ጎርፍ በልቶት ይሆናላ» አለና ከሰዎቹ ጋር ሣቀ። ስንቱ ነገር በትክክል ተገኝቶ እያለ አንድ ሜዳ ቢያንስ ምን ይገርማል?

እማማ ደብሪቱ ግን ክንዱን ሳትለቅ፣ «ልጄ፣ እስቲ ነገ አፈሩ ሳይጫንህ በባዶ ራስህ ዞረህ እየው። ድንጋዩን ዳስሰው፣ ውሃውን ቅመሰው። ከዚያ ወዲያ ትመራለህ» አለችው።

«እማማ፣ የእናቴን አገር ደግሞ ሰው አሳይቶኝ ልየው?» ዘርጋው ተቆጣ። «ሰርክ የምታወራልኝን እኔ የማላውቀው ከሆነ ማን ያውቀዋል?»

«አይ፣ ማየት ክፉ የለውም ብዬ ነው።»

«አፈሩ ይቆረጥ። የመጀመሪያ እርምጃዬን አያቶቼን ተሸክሜ ልራመድ።»

ንግግር ባማረ ቁጥር ሰው ያምነዋል፤ ይህ ዛሬም አልቀረም። በማግሥቱ ጧት የሁለቱ መንደር ሰዎች በፏፏቴው ሥር ተሰበሰቡ። በቆቅ ሜዳ በኩል ሸበቶው አያ ጓንጉል በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ጎረምሶቹ ያሽሟጥጣሉ።

«ቆለኛው በብርድ ሳይደርቅ ቶሎ ጫኑበት!»

«ቢደርቅማ እሱኑ ወሰን አድርገን እንተክለዋለን!»

«ዝም በሉ እናንተ! የሙታን አፈር ነው» አሉ አያ ጓንጉል።

ካህኑ ጓሉን ከማንሣታቸው በፊት ዘርጋው ማለ። መሐላው «ያየሁትንና የሰማሁትን ባልመራ ይህ አፈር ይጫነኝ፣ ዘሬ አይብቀል» የሚል ነው። ዘርጋው «ያየሁትን» የሚለውን ዘሎ «የሰማሁትን» ብቻ ብሎ ቀጠለ። ቸርነትና አያ ጓንጉል ተያዩ፤ ሁለቱም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሐሰት አልማለምና መሐላው ተቀባይነት አገኘ።

አፈሩ በራሱ ላይ ሲያርፍ ቅዝቃዜው እስከ ጀርባው ወረደ። መራመድ ጀመረ። በግራው የገደሉ ግንብ፣ በቀኙ ጠፉ መሬት፤ ከኋላው የሁለት መንደር ሕዝብ የእግር ኮቴ ብቻ ይሰማል። ከሣሩ ሥር አፈሩ እየተፈረፈረ በግንባሩ ይወርድ ነበር። ዘርጋው በልቡ ከእናቱ ጋር ይነጋገራል፤ ይኸው መጣሁልሽ፣ ይኸው በእግሬ ረገጥኩት ይላል። የግራዋ ቁጥቋጦውን አልፎ፣ የገደሉን ክንድ እንደዞረ፣ ድንገት ቆመ።

ፊት ለፊቱ ዓለቱ ነበር። ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ጎድኑ ሰፊ፤ ከገደሉ ተገንጥሎ ተንበርክኮ የተኛ ዝሆን የመሰለ። ሰው ተሸክሞ ካላወጣው በቀር ማን ይወጣዋል? ዐይኑ በዕንባ ሞላ። ላዩን ለማየት ተንጠራራ፤ አፈሩ ግን ወደኋላ ሸርተት ሲልበት ደንግጦ በሁለት እጁ ያዘው። አፈር የተሸከመ ሰው ድንጋይ አይወጣም። መውጣትም አላስፈለገውም፤ ልቡ ከወጣ ቆይቷል። ከዓለቱ ሥር ታጥፎ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ወረደ። ከቆቅ ሜዳ ሰዎች መካከል አያ ጓንጉል በትራቸውን ጠበቅ አድርገው ጨበጡ፤ መናገር አይፈቀድም። ዘርጋው ከሸለቆው አፍ ሲደርስ ተንበረከከና ጓሉን አኖረ። ሰዎች ድንጋይ ከመሩበት።

የእንዝርት አምባ ሰዎች ከጠፉ መሬት የሚበዛው፣ ምንጩም ጭምር፣ ወደ ቆቅ ሜዳ እንደሄደ አይተዋል። ቅር ቢላቸውም ሙታን ያሉትን ማን ይከራከራል ብለው ተቀበሉት። ቸርነት የዘርጋውን ትከሻ ነካ አድርጎ፣ «የኛ ባልሆነ መሬት ሰው ስናስፈነክት ኖረናል ማለት ነው» አለ በቀዘቀዘ ድምፅ። «እንግዲህ ጓሮህን አሳየን፤ ቃላችን ቃል ነው።»

«ከዝሆን ዓለት ወዲህ ነው» አለ ዘርጋው ፊቱ እየበራ።

ወደ ዓለቱ ተመለሱ። ከዓለቱ ወዲህ የቤት ፍራሽ የለም። ምድጃ የለም፣ የአጥር ድንጋይ የለም፤ ከገደሉ የተንከባለለ ጠጠር ብቻ ነው። ሰዎቹ ቅጠል እየገለጡ ፈለጉ። ዘርጋው በመጨረሻ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ በጥፍሩ እየቧጠጠ፣ በዓለቱ ጎድን ወጣ። አናቱ እንደ ምላጭ የሾለ ነበር። ጎድጓዳ የለውም፤ ጠብታ ውሃ የሚያቁር ሥፍራ እንኳ የለውም፤ ያለው የአሞራ ኩስ ብቻ ነው።

ከዚያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ አየ።

ከምንጩ ማዶ፣ በአረምና በግራዋ መካከል፣ ክብ የቤት መሠረት ይታያል። በጓሮው አንድ ድንጋይ አለ፤ ከሰው ጭን አይበልጥም። በአናቱ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ተቋጥሮ ሰማዩን ያሳያል።

እንዴት እንደወረደ አላወቀም። «ምን አየህ?» ይለዋል ቸርነት፤ ዘርጋው ግን ዛሬ ጧት በገዛ እግሩ ያሰመረውን ወሰን ተሻግሮ ሄደ። የመንደሩ ሰዎች ከመሥመሩ ላይ ቆሙ፤ ወደ ሰው አገር ዘለው አልገቡም። እማማ ደብሪቱ ብቻ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ምሥራቅ አጮለቀችና ነገሩ ገባት።

«ወይኔ ልጄ!» ብላ ተጣራች። «ያቺ ናት እንዴ? ያቺ ትንሿ ናት?»

ዘርጋው ከድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ዝሆን ዓለት ማለት ይህ ነው። የወተት ጥርሷ ሳይረግፍ የወጣች ልጅ ያየችው ዝሆን ነው፤ ሠርግ ዳስ የሚያህለው ሥፍራም ለእሷ ሮጣ የማትጨርሰው ሜዳ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ሲሰማ እናቱ ያን ጊዜ ምን ያህል ትንሽ እንደነበረች አንድም ቀን አላሰበም፤ የሚያውቃት እናት ሆና ነውና። በድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እግሩ መሬት ነካ። እጁን ወደ ጎድጓዳው አገባ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጎድጓዳውም ከሁለት ትናንሽ እግሮች በላይ አይይዝም።

አያ ጓንጉል ቀስ ብለው መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ዘርጋው ቀና ብሎ ሳያያቸው ጠየቀ።

«ያውቁ ነበር አያ?»

«አባቴ ‘ከድንጋዩ ዘንድ’ ብሎኛል፤ የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም። ሁለቱንም ሳይ ኖሬአለሁ። ሰው ደግሞ የሚጠቅመውን ድንጋይ ይመርጣል። ትልቁ ይሁን ብዬ ስመኝ ኖርኩ፣ አንተም ትልቁን መራኸኝ።»

«አፈሩን እንደገና ይጫኑብኝ። አሁን አይቼዋለሁ። በዐይኔ አይቼዋለሁ!»

«አይሆንም ልጄ። ዛሬ ላንተ ብለን ብንደግመው ነገ ለሌላው እንደግመዋለን፤ ከዚያ በኋላ ወሰን የሚባል ነገር አይኖርም። አንተ አልዋሸህም፤ የሰማኸውን መርተሃል።»

ዘርጋው ወደ ምዕራብ አየ። ከመሥመሩ ላይ የቆሙት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ መንደራቸው መመለስ ጀምረዋል። እልል ብለው የተቀበሉት ሰዎች ናቸው፤ ምንጫቸውን ለሰው አስረክቦባቸዋል። ወደ ቆላም እንዳይመለስ ማሳውን በገዛ አፉ ሰጥቷል።

«ጓሮው በኔ በኩል ወድቋል» አሉ አያ ጓንጉል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባዶ መሬት ነው። እንጨት ቁረጥ፣ ጎጆ ሥራበት። ከቆቅ ሜዳ ማንም ክፉ ቃል አይናገርህም፤ የሚናገርህን እኔ አለሁ። ይኸው የአያትህ ምድጃ፤ ይኸው ድንጋዩ። ሲናፍቅህ የኖርከውን አግኝተሃል እኮ።»

ዘርጋው ምድጃውን አየ። የግራዋውን ቅጠል፣ የገደሉን ጥላ፣ ከምንጩ የሚወርደውን ቀጭን ውሃ አየ። ሁሉም እንደተነገረው አለ፤ አንድም የቀረ ነገር የለም። ግን ልቡ እንደ እንግዳ ቤት ዝም አለበት። ጉሙ በረደው እንጂ አላጫወተውም።

«እስቲ ንገረኝ» አሉት አያ ጓንጉል ከድንጋዩ ጠርዝ እየተቀመጡ፤ «ስለዚህ ቦታ ምን ትልህ ነበር?»

ዘርጋው ጀመረ። ቀትር ላይ ጥጡን እየባዘተች፣ የጥጡ ብናኝ በሽፋሽፍቷ ላይ ተቀምጦ፣ ዝሆን ዓለት ስትል ድምፅዋ እንዴት ቀጠን እንደሚል ነገራቸው። አባቷ ሲያነሣት እንዴት እንደሣቀች ስታስታውስ፣ እንደገና እንደዚያው ሕፃን ትሥቅ እንደነበር ነገራቸው። እሱ ሲያተኩሰው ግንባሩን እየዳበሰች በሜዳው ላይ በቃል ታሳልፈው ነበር።

«እዚህ የለችም አያ» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ነገር አለ፤ እሷ ብቻ የለችም። ታዲያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የናፈቀኝ ምንድን ነው?»

አያ ጓንጉል እርጥብ እጁን በሁለት መዳፋቸው ያዙት፤ ዐይናቸውን ግን ከጎድጓዳው ውሃ ላይ ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ድንጋዩን ንገረኝ ብልህ የነገርከኝ ድምፅዋን ነው፤ አገሩ የናፈቃት እሷን ነበር፣ አንተን የናፈቀችህ እሷ ናት፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም» አሉት።